የአባቴ አዲስ ምሽት

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ወረታ ወርጄ ነበር። ባጃጇ ከመናኸሪያው ወጥታ በሩዝ መፈልፈያዎቹ በኩል ስታልፍ፣ አንዱ ግቢ ጥግ የተከመረ የሩዝ ገለባ ይጨሳል። ነበልባል የለውም፤ ከውስጥ ከውስጡ እየተብላላ ሲጨስ ይውላል። ሽታው የረጠበ ከረጢትና ያረረ ቆሎ አንድ ላይ ነው። ሾፌሩን «እስቲ አንዴ ቁምልኝ» አልሁት። ሰው የምጠብቅ መስሎት ሞተሩን አጠፋ። ማንንም አልጠበቅሁም።

በልጅነቴ በክረምት ትንኝ እንዳይበላን እናቴ ደጃፋችን ላይ የሩዝ ገለባ ታጨስ ነበር። አባቴ በዘመተበት ዓመት የእሱ ደብዳቤ የሚነበበውም፣ የእኛ መልስ የሚጻፈውም በዚያ ጭስ ውስጥ ነው። አንባቢዋም ጸሐፊዋም እኔ ነበርሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና አቅጣጫ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ ቢፈለግ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ብቻ ነው። ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ ቤቶቹ ደሴት መስለው ይቀራሉ፤ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ በጉልበት ውሃ መሄድ ነው።

አባቴ ታከለ የድሮው ጦር ወታደር ነበር። እናቴን ለፈቃድ መጥቶ አገባት፤ እኔ ስወለድ ጦር ሜዳ ነበር። ያ ጦር ሲበተን አገር በእግሩ አቋርጦ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ማንኪያ ይዞ ገባ ይባላል። ከዚያ በኋላ የማውቀው አባቴ ገበሬ ነው፤ በሬ የሚጠምድ፣ ሩዝ የሚዘራ፣ ማታ እግሩን ሲታጠብ የሚያፏጭ። ፊደልም የቆጠረው በወታደርነቱ ነው። እናቴ የሺ ግን አልተማረችም።

በሰሜን ድንበር ጦርነት ሲነሣ ልምድ ያላቸው የድሮ ወታደሮች ተፈለጉ። አባቴ በሰኔ ሄደ። ሩዙ ገና እንደ ሕፃን ጠጉር ሳስቶ በቅሎ ነበር። ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም እጆቼን ያዘኝ።

«ሰብለ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ አሁን?»

«ሦስተኛን ጨርሻለሁ አባ። ሁለተኛ ነው የወጣሁ።»

«እንግዲያ የእናትሽ ዓይን አንቺ ነሽ። የምጽፈውን ሁሉ አንብቢላት። ከበደኝ ብለሽ ቃል እንዳትዘይ።»

አንድም ቃል አልዘለልሁም። ጥፋቴም እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በሐምሌ ነው። ለገበያ የወጣ ሰው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተቀብሎ አመጣልን። ፖስታው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ጎረቤታችን እትዬ ስመኝ ወሬውን ከማን እንደ ሰማች እንጃ፣ ፖስታው ሳይከፈት ደረሰች። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ። እናቴ በርጩማ አወጣችልኝ። በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጉሮሮዬን እንደ መምህራችን ጠረግሁና ጀመርሁ።

«ይድረስ ለውድ ምሽቴ ለየሺ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።»

ባገራችን ሚስትን ምሽት ይሏታል፤ እሱን አውቀዋለሁ። ናፍቆትን ግን በሽታ አድርጌው ነበር። ከእሱ በስተቀር ደህና ነኝ ካለ፣ እንደ ወባ ያለ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ይዞታል ማለት ነው። በልቤ «ኪኒን አልሰጡትም ይሆን?» እያልሁ አነበብሁ። እንዲህም ይላል፦ «ሩዙ ሲሰበሰብ ፈቃድ ከሰጡኝ ወንዛዬ ወስጄሽ ፍል ውሃ ትነከሪያለሽ። ያ ወገብሽ ዛሬም ያምሻል? እዚህ ተኝቼ የማስበው እሱን ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ስመኝ «የሚያስበው ወገቧን ነው አሉ!» ብላ ጭኗን መታች። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለምን እንደ ሳቁ አልገባኝም፤ የታመመ ወገብ ምን ያስቃል? ነገር ግን ከነጠላው በታች እናቴም ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መልሱን በሒሳብ ደብተሬ ወረቀት ጻፍን። እናቴ ስታስጽፍ አባቴ ከርብ ማዶ የቆመ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጣራለች፦ «ጥቁሯ ላም ወለደች በይው! ጥጃዋ ሴት ናት በይው! ሩዙ ደህና ነው፣ አትስጋ በይው!» እኔም «በይው» የምትለውን ጭምር ጻፍሁ። አራት ዓመት የሆናት እህቴ ትርንጎ እጇን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች፣ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርሁላት። ሲያልቅ እናቴ «በይ አሁን ሳሚልኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ሳምሁት።

ሁለተኛው ደብዳቤ የደረሰው በነሐሴ፣ ሜዳው ውሃ በውሃ በሆነበት ሰሞን ነው። አንድ ቀዛፊ ከደንገል ታንኳው ላይ ወርዶ በብብቱ ይዞ አመጣው። ወረቀቱ ረጥቦ ነበር። እርሳሱ እዚህም እዚያም ፈዝዟል፣ አንዳንዱም ተሻሽቷል።

እናቴና እትዬ ስመኝ በወንፈል ሩዝ ሲያርሙ ውለው፣ ተራው የእኛ ማሳ ነበርና እኛ ቤት ምሳ ሊበሉ ገብተዋል። ወገባቸው ቀጥ አይልም። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከባቷ አልቅት በጨው እያላቀቀች «አንብቢ እንጂ» አለችኝ። ገለባው ይጨሳል። ዓይኔን እያሸሁ ጀመርሁ። ሰላምታው አለፈ፤ የጥጃዋ ነገር አለፈ፤ የትርንጎን እጅ ደረቱ ላይ እንዳስቀመጠው ይናገራል። ከዚያ ወደ አንድ መስመር መጣሁና ቆምሁ። አንዲት ቃል ውሃ ነክቷታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ምሽ ይላሉ። ሦስተኛው ፊደል የቆመ እንጨት ይመስላል፣ ከላዩ ጥላ ያጠላበት። አትዝለዪ ተብያለሁ። በምሽ የሚጀምር አንድ ቃል አውቃለሁ።

«አሁን አዲስ ምሽት ይዣለሁ» ብዬ አነበብሁ። «ትንሽ ብትሆንም ከድሮዋ ትሻላለች። ዝናብ አታስመታኝም። ሌሊትም ታሞቀኛለች። እግዚአብሔር ከፈቀደ እስከ መስቀል ከእሷ ጋር ነኝ።»

የእናቴ እጅ ባቷ ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ? ድገሚው» አለችኝ።

ደገምሁት። በሁለተኛው ጊዜ ሳልደናቀፍ ጥርት አድርጌ አነበብሁት፤ በማንበቤ እንድትኮራ ነበር።

እትዬ ስመኝ አፏን በእጇ ያዘች። «ትንሽ ናት? ልጅ እግር ናት በያ! ዝናብ አታስመታኝም ማለቱስ? ቤት አላት ማለት አይደል?» ቀጥላም «አይ ወንድ! አይ ወታደር! አሁን ይህ በደብዳቤ ይጻፋል?» አለች።

እናቴ ጨው የያዘችበትን እጇን አራገፈች፣ ተነሣች፣ ከደጃፉ ወርዳ በጎርፉ ውሃ እግሯን መታጠብ ጀመረች። አንዱኑ እግር ደጋግማ ታጠበች። ከሰዓት በኋላ ወደ ሩዙ አልወረደችም። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም አልወረደችም። ሰው ሲጠይቃት «ሩዙ የእሱ ነው፤ አዲሷ ትምጣና ታርምለት» ትል ነበር።

ወሬው ከጭሱ ፈጥኖ ሄደ። በሳምንቱ ጠበል ስቀዳ አንዲት የማላውቃት ሴት «የዚያች ባሏ የሰሜን ሴት ያገባባት ልጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ያችን ሴት፣ የአባቴን አዲስ ምሽት፣ በሐሳቤ ሠራኋት። ወርቅ ጥርስ አደረግሁላት። ዝናብ ስለማታስመታው ቀይ ጃንጥላ ሰጠኋት። አባቴ እግሩን ሲታጠብ አጠገቡ ቆማ ጃንጥላዋን ትይዝለታለች፣ እሱም ያፏጫል። እጠላት ነበር። ላያትም እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ደብተሬን አምጪ አለችኝ። ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዝቅ አድርጋ፣ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ደብዳቤህ ደረሰኝ በይው። አዲሷ ምሽትህ ታብላህ፣ ታጠጣህ፣ ታሙቅህ። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ለእኔ ሞተሃል በይው።»

«ሞተሃል እንዴት ነው የሚጻፍ እማ?»

«እንደሚባለው ጻፊው።»

ጻፍሁት። ሐን በየትኛው ሐ እንደምጽፍ ጨንቆኝ ሁለት ጊዜ አጠፋሁ። ሳሚልኝ አላለችኝም። በፈቃድ መጥቶ ወደ ግንባር ለሚመለስ ለአንድ ያገር ልጅ ሰጠችው።

መስከረም ጠባ። ውሃው ሸሸ፣ ጭቃው ቀረ። የሌላው ሰው ሩዝ ተንዠርግጓል፤ የእኛ በአረም ተውጧል። ከአባቴ ምንም አልመጣም። መስቀልም አለፈ። እናቴ ከስታ ነበር፤ ስትቀመጥም የመቀነቷን ጫፍ ትፈትላለች። ከደመራው በኋላ በአንድ ቀን ጠዋት ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ደብዳቤውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ትርንጎን አዘለች፣ እኔን «ተከተይኝ» አለች። የኔታ ዘንድ ሄድን።

የኔታ በጉብታው ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ፊደል የሚያስቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። የአንድ ወገን ዘንጉ ተሰብሮ በክር የታሰረ መነጽር አላቸው። አባቴንና እናቴን ያጋቡ እሳቸው ናቸው። እናቴ ጉልበታቸውን ስማ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«የኔታ፣ ልጆቼን ይዤ ወደ አባቴ ቤት ልሄድ ነው። ላስታውቅዎ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ምነው ልጄ? ምን ተገኘ?»

«ታከለ ሌላ ሴት አግብቷል። በገዛ እጁ ጽፎልኛል።»

የኔታ ደብዳቤውን ተቀበሉ። ወደ ብርሃኑ ዞረው፣ ወረቀቱን ከአፍንጫቸው አስጠግተው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። እስከ መጨረሻው ደረሱና እንደገና ወደ መካከሉ ተመለሱ።

«ማነው ያነበበልሽ?»

«ልጅቱ ናት።»

«ነይ እስቲ ሰብለ። ይህችን አንብቢልኝ።» በጥፍራቸው አመለከቱኝ።

«ምሽት።»

«ፊደል በፊደል።»

«ም… ሽ… ት።»

«ልብ ብለሽ እያት። ት ናት? የት ራስ እንዲህ ወደ ጎን ይታጠፋል? ውሃው ነው ያጠለሻት እንጂ ግ ናት ልጄ። ምሽግ ነው የሚል።»

«ምሽግ ምንድን ነው የኔታ?»

ሳቃቸው ቀደማቸው። «ጉድጓድ ነዋ! ወታደር ከጥይት የሚከለልበት ጉድጓድ! አዲስ ጉድጓድ ይዣለሁ፣ ትንሽ ብትሆንም ትሻላለች፣ ዝናብ አታስመታኝም ነው የሚላት። የወደደውን ዕቃ በሴት መጥራት የማን ነው? የእኛ አይደል?» አሉና የእናቴን ፊት ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት።

እናቴ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። ፊደል አታውቅም፤ ግን ልታያት ፈለገች።

«አንዲት ፊደል ናት የኔታ?»

«አንዲት ናት።»

«ይህችን የምታህል?» አውራ ጣቷን ላይዋ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ፊደሏን ብቻ ሳይሆን መስመሩን ሁሉ ሸፈነው።

ቤት ስንደርስ እንደምትመታኝ አውቄ ነበር፤ የትኛውን አርጩሜ እንደምታነሣ ሳይቀር አስቤዋለሁ። አልመታችኝም። ትርንጎን ከጀርባዋ አውርዳ ለእኔ ሰጠችና፣ በነጭ ቀሚሷ እንዳለች ሩዙ ውስጥ ገባች። አረሙን በሁለት እጇ እየነቀለች ወደ ኋላዋ ትወረውራለች። ጭቃው እስከ ጭኗ ደረሰ። ሰዎች ከመንገድ ቆመው ያዩዋታል። ቀና አላለችም። እኔ ድንበሩ ላይ ትርንጎን አቅፌ ቆሜ፣ ምነው በመታችኝ እል ነበር።

ፀሐይ ሳትገባ ወጣችና እጇን እንኳ ሳትታጠብ ጠራችኝ።

«ደብተርሽን አምጪ።»

«የኔታ ይጻፉልን እማ። እኔ አበላሻለሁ።»

«ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አቅኚው።»

ድምፅዋ እንደ ድሮው ከፍ አለ፤ አሁን ግን አባቴ በጣም ርቆ የቆመ ይመስል ትጮህ ነበር። «ይቅር በለኝ በይው! ሞተሃል ያልሁህ እኔ ልሙት በይው! ልጅቱ ናት ምሽጉን ምሽት ያለችው፣ አላወቀችም በይው! ሩዙ ደህና ነው በይው!» ሩዙ ደህና አልነበረም። ጻፍሁት። ስጽፍ ግን ግ የምትለዋን ፊደል ደጋግሜ ስላደመቅኋት ወረቀቱ ተበሳ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥቅምት ሙሉ በየገበያው ቀን እየላከችኝ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆምሁ። ጸሐፊው ሲያየኝ ገና ከሩቅ ራሱን ይወዘውዛል። ሩዙ ከአረሙ የተረፈው አሸተ፤ ወፍ ስንጠብቅ ከረምን። በኅዳር አጨድን። እናቴ ለአባቴ ብላ የመረጠችውን ነጭ ሩዝ ለብቻው በትንሽ ጎታ አስቀመጠችለት።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ውሻችን ጮኸ። እናቴ ላሞቹን ልትፈታ ወጥታ ነበር። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። የኔታ ናቸው፤ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሎች፤ ከእነሱም ኋላ በምርኩዝ የሚራመድ የማላውቀው ሰው። እናቴ «የኔታ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ናችሁ?» አለች። ከዚያ የሰዎቹን ፊት ትታ የእንግዳውን ጫማ አየች። የወታደር ጫማ ነው።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት የኔታ።

«አልቀመጥም።»

«የሺ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም የኔታ! ከተቀመጥሁ ይነግሩኛል!» አለች። ሳይነግሯት መሬት ወደቀች።

ጩኸቷን ሰምቶ አገር ሲሰበሰብ እኔ ከጭድ ክምሩ ኋላ ገባሁ። አባቴን የገደለው ምን እንደ ሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሞተሃል ብዬ የጻፍሁ እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ፣ አሳምሬ። እናቴ በአፏ ነው ያለችው፤ የአፍ ቃል ይበናል። የእኔ ግን ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ አገር አቋርጦ ደርሶታል። ቀኝ እጄን በአመድ እሸሁት። ቆዳው ተላጠ። ሲጠይቁኝ ወደቅሁ አልሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

በሠልስቱ እንግዳው እናቴ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ደምለው ይባላል፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ምሽግ ውስጥ የኖረ፣ አባቴ በሞተበት ቀን እግሩን የቆሰለ ሰው ነው። ሆስፒታል ሲያወጣው ወደ አገሩ ሳይገባ ወደ እኛ መጣ። አስቀድሞ የኔታን ያገኘው መርዶ በወጉ እንዲነገር ብሎ ነው።

«ውሃ ልንቀዳ ወርደን ነው» አላት። «ከባድ መሣሪያ መሬቱን ሲመታ እኔ አጠገቡ ነበርሁ። አልተሠቃየም እህቴ። አንድ ቃል አልተናገረም።»

ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ፈታ። ቀበቶ አለ። የትርንጎ እጅ ያለበት የመጀመሪያው ደብዳቤያችን አለ። ሁለተኛው አለ። ሦስተኛውን ሲያወጣ እናቴ አወቀችው፤ ጭቃ ያለበት አውራ ጣቷ ፖስታው ላይ ታትሞ ነበር። አልተከፈተም።

«ይህ የደረሰው እሱ ካረፈ በኋላ ነው፤ ጓዶቻችን ከዕቃው ጋር ሆስፒታል አመጡልኝ» አለ ደምለው። «አልከፈትሁትም።»

እናቴ ፖስታውን ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረች። «እንደ ቀናሁበት ሄደ! እንደ ረገምሁት ሄደ! ሳይሰማኝ ሄደ!» ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

«አይደለም እህቴ፣ ስሚኝ» አለ ደምለው፤ ድምፁን ከለቅሶው በላይ አደረገ። «አውቆት ነበር። ያ የቁጣሽ ደብዳቤ የደረሰ ጊዜ ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰም። አዲሷ ምሽትህ የምትለዋን ያነብና ወረቀቱን ያጥፋል፣ ያነብና ያጥፋል። ማናችንም አልገባንም። በአራተኛው ቀን ምሽጋችንን ስንጠርግ ድንገት አካፋውን ጣለው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ‹ደምለው፣ ገባኝ! ምሽቴ በምሽጌ ነው የቀናች!› አለኝ። ለሁሉም ሰው እየዞረ አወራው። እዚያ ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ስንስቅ አላስታውስም።»

እናቴ መወዛወዟን አቆመች። ደምለው ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ያን ዕለት የጻፈው ነው። የሚወስድለት ሰው ሲጠብቅ ነው ያ ነገር የደረሰ። ሰብለ የምትባለዋ የትኛዋ ናት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቱን የተቀበልሁት በግራ እጄ ነው። የኔታ «አምጪ እኔ ላንብበው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ግን «ይተዋት። ለእሷ የተጻፈ እሷው ታንብብ» አለች።

ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው አልነበረም። እርሳሱ በደንብ ተቀርጿል። ፊደሎቹ እንደ ማስተማሪያ ሰሌዳ ትልልቅና የተራራቁ ናቸው።

«ይድረስ ለልጄ ለሰብለ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጄ፣ ምሽግ ማለት ወታደር ጥይት እንዳያገኘው ቆፍሮ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። መጨረሻዋ ግ ናት። ገ ጉ ጊ ጋ ጌ ግ። አንቺ አላጠፋሽም። እርሳሴ ደንዝዞ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ እያሳመርሁ እጽፋለሁ። የሺ፣ ልጅቱን እንዳትመቻት። ከአንቺ ሌላ ምሽት የለኝም። ይህችን ጉድጓዴን ብታያት ግን አንቺም ትስቂ ነበር።»

ቀጣዩን መስመር በዓይኔ አየሁትና ድምፄ ቆመ።

«ጨረስሽ?» አለች እናቴ።

«አልጨረስሁም።»

«እንግዲያ ቀጥዪ።»

«ሞተሃል ያልሽኝን አልተቀየምሁም» ብዬ አነበብሁ። «አልሞትሁም። ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍሁልሽ ነው።»

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ከእናቴ ጎን በደረቅ ዳቦ ስትጫወት የነበረችው ትርንጎ ብድግ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ አባት ሞተ ሲባል ሰምታለች፤ አሁን ደግሞ የራሱን ቃል ሰማች። ፊቷ ሁሉ በራ።

«አባ አልሞተም!» አለች። ለቀስተኛውን እየጣሰች በበሩ ወጣች። «አባ አልሞተም! አልሞትሁም ብሏል!» እያለች በታጨደው ሩዝ መካከል ወደ መንገዱ ሮጠች። ደጅ የተቀመጡት ወንዶች ሲያዩዋት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ እንጂ የያዛት የለም።

እናቴ ተነሣች። ከመርዶው ወዲህ በራሷ እግር ስትቆም ያን ጊዜ ማየቴ ነው። ደግፈው ሊይዟት የመጡትን ሴቶች በእጇ መለሰቻቸውና ተከትላት ወጣች። እኔ ወረቀቱን እንደ ያዝሁ በሩ ላይ ቆምሁ። እህቴን ከማሳው ዳር፣ ጓያው ብቅ ብቅ ካለበት ቦታ ደረሰችባት። ከፊቷ ቁጢጥ ብላ ሁለቱን ትከሻዎቿን ያዘች። ምን እንዳለቻት ከዚያ ርቀት አይሰማም። ትርንጎ እጇን ዘርግታ ወደ ቤቱ፣ ወደ እኔ፣ ወደ ያዝሁት ወረቀት አመለከተቻት። እናቴ «አይደለም» ብላ ራሷን ወዘወዘች። አንድ ነገር ጨመረችላት። ትርንጎ ለጥቂት ጊዜ አፏን ከፍታ አየቻት፤ ከዚያ ልቅሶዋ ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ።